ሊስታን ኔግሮ የተባለው ጥቁር ወይን ለጎጃም መሬት ይስማማ ይሆን?

ጠያቂ፦ የመራዊ ገበሬ
ጤና ይስጥልኝ። መራዊ አጠገብ በቆጋ መስኖ የሚለማ ጥቂት መሬት አለኝ። ሊስታን ኔግሮ የሚባል፣ ለቀይ ወይን ጠጅ የሚሆን ዝርያ በስፔን የካናሪ ደሴቶች በእሳተ ገሞራ መሬት ላይ እንደሚለማ አነበብሁ። የጮቄ ተራራም ጥንት እሳተ ገሞራ ስለ ነበር፣ አፈራችን ይስማማዋል ማለት ነው?

መላሽ፦ አፈር አዋቂ
ወንድሜ፣ መነሻው ቢመሳሰልም አፈሩ ለየቅል ነው። ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በላንዛሮቴ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1730 እስከ 1736 የፈነዳው እሳተ ገሞራ የከመረው ጥቁር ጠጠር ገና አፈር አልሆነም፤ ገበሬው ጠጠሩን አንዳንዴ እስከ 3 ሜትር ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን የቀድሞ አፈር ካገኘ በኋላ አንዲት ግንድ ይተክላል፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩልም የድንጋይ ካብ በግማሽ ክብ ይክባል። የጠጠሩ ጥቅም በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚጥለው ዝናብ በፀሐይ ተንኖ እንዳይጠፋ መያዙ ነው። የጮቄ ላቫ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ቀይ ሸክላ አፈር ተለውጧል፤ አሲዳማነቱም በርትቶ ለስንዴ እንኳ ኖራ የምንጨምርበት ነው።

መላሽ፦ የዳንግላው
እኔ ደግሞ የሌላዋ የካናሪ ደሴት የቴኔሪፌ ልምድ ይበልጥ ይቀርበናል እላለሁ። በኦሮታቫ ሸለቆ የሊስታን ኔግሮን ቅርንጫፎች እንደ ሹሩባ ጎንጉነው በርካታ ሜትር ያስረዝሟቸዋል፤ ጉንጉኑን ወደ ጎን ገፋ አድርገውም በዚያው መሬት ላይ ድንች ይተክሉ ነበር። መሬት ለጠበበበት የጎጃም ገበሬ ከዝርያው ይልቅ ይህ ዘዴ ሳይጠቅም አይቀርም። ወይን ጠጁ ራሱ ቀለል ያለ፣ ቁንዶ በርበሬ የሚሸት ነው ይባላል፤ ጠጅ ለለመደ አፍ እንግዳ ይሆናል።

መላሽ፦ የአትክልት ባለሙያ
ዋናው ፈተና ክረምታችን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ቅጠሉንና ፍሬውን ለሻጋታ ያጋልጣል፤ ቅጠሉን አራግፎ የሚያሳርፈው ብርድም እዚህ ስለሌለ፣ ዕረፍቱን የሚተካው መግረዝ ነው። ዝናቡ እንዳባራ በጥቅምት ቢገርዙት ፍሬው ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ፣ በበጋው በመስኖ ሊደርስ ይችላል። ቁራጭ ግንድ ከውጭ ለማስገባት ግን ፈቃድና የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በሻንጣ ደብቆ ማምጣት የሥር ተባይና ቫይረስ ወደ አገር ማስገባት ነው። ስለዚህ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ለወይን ጠጅ ከሚለሙት ከሜርሎና ከሲራ የአንዱን ችግኝ በሕጋዊ መንገድ አፈላልገው፣ ውኃ በማይተኛበት ተዳፋት ላይ በጥቂቱ ቢጀምሩ ይሻላል፤ አፈሩንም አስቀድመው ያስመርምሩ።