የ1996ቱ አልበም በባርቢካን መድረክ፦ መደገሙ ተገቢ ነበርን?

አወያይ፦ የግላስጎው ባንድ ቤል ኤንድ ሰባስቲያን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን «ኢፍ ዩር ፊሊንግ ሲኒስተር» የተሰኘ አልበም፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 2005 ለንደን በሚገኘው ባርቢካን አዳራሽ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ አሥረኛው በቅደም ተከተሉ ተጫውቶታል። የመድረኩ ቅጂም በዚያው ዓመት መጨረሻ በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርቧል። ለመሆኑ አንድ ባንድ የተወደደ አልበሙን እንዳለ በመድረክ መድገሙ ሙዚቃውን ይጠቅማል ወይስ ባንዱን ወደ ኋላ ያስቀረዋል?

ደጋፊ፦ በእኔ እምነት ባንዱ ለእነዚያ ዘፈኖች ዕዳ ነበረበት፤ በባርቢካንም ከፈለ። ነገሩን ለመረዳት አልበሙ እንዴት እንደተሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። ባንዱ የተመሠረተው በ1996 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው «ታይገርሚልክ» በከተማዋ ስቶው ኮሌጅ የሙዚቃ ንግድ ተማሪዎች ፕሮጀክትነት በ1,000 ሸክላ ብቻ ታትሞ ነበር። ሁለተኛው፣ ማለትም የምንነጋገርበት «ኢፍ ዩር ፊሊንግ ሲኒስተር»፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ጂፕስተር በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ወጣ። አብረው መጫወት ከጀመሩ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በችኮላ የቀረጹት ሥራ መሆኑ ነው። የዘፈኖቹ ደራሲ ስቱዋርት መርዶክ ለዓመታት ከቤት ካዋለው ከባድ የድካም ሕመም እያገገመ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጠባቂ ሆኖ እዚያው ሕንፃ ላይ የሚኖር ሰው ነበር። በቀረጻው ጥራት እንዳልረካም ራሱ በይፋ ተናግሯል።

የመክፈቻውን ዘፈን «ዘ ስታርስ ኦፍ ትራክ ኤንድ ፊልድ»ን አስተውላችሁ ስሙት። በ1996ቱ ቅጂ የመርዶክ ድምፅ ከሹክሹክታ እምብዛም ሳይርቅ ይጀምራል፤ ድምፁን ከፍ ካላደረጋችሁት ግጥሙ ያመልጣችኋል። ዘፈኑ እያደገ ሄዶ ከበሮውና ትራምፔቱ ሲገቡ ደግሞ ሁሉም ነገር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የታጨቀ ይመስላል። በባርቢካኑ ቅጂ ግን መሣሪያዎቹ በየቦታቸው ተለይተው ይሰማሉ፤ ያው ዜማ፣ ያው ግጥም ሆኖ ሳለ ዘፈኑ ትንፋሽ አገኘ።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ያ ጠባብ ክፍል እኮ ለብዙዎቻችን አልበሙ ማለት ነው። ራሱን ችሎ ለመቆም የሚፈራ ድምፅ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ወጣትነት ሲናገር እናምነዋለን፤ ለዘጠኝ ዓመታት በመድረክ የተካነ ሰው ያንኑ ቃል ሲደግመው ግን የምንሰማው ችሎታውን ነው። በዚያ ላይ ቼሎ (ከቫዮሊን የሚተልቅ ባለ ክር መሣሪያ) ትጫወትና በቀጭን ድምፅዋ ታጅብ የነበረችው ኢሶቤል ካምቤል በ2002፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቱዋርት ዴቪድ ደግሞ በ2000 ባንዱን ለቀዋል። በሰባትና በስምንት ሰው ትንፋሽ የተሠራን ነገር ሁለቱ በሌሉበት መድገም፣ የቱንም ያህል ጥራት ቢጨመርበት፣ ሌላ ሥራ ነው እንጂ የዚያው ሥራ ማረሚያ አይሆንም። ተመልካቹም ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከመድረክ የምንጠብቀው ድንገተኛነት ገና ከበሩ ቀረ ማለት ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ የቅጂው ሽያጭ ገቢ በፓኪስታንና በካሽሚር በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ወገኖች መዋሉ እንዳይዘነጋ እጠይቃለሁ። ይህ ብቻውን ሥራውን ተገቢ አያደርገውምን?

ተቃዋሚ፦ ልግስናውን ከልቤ አከብራለሁ። ይሁን እንጂ አደጋው የደረሰው ኦክቶበር 8 ቀን፣ ማለትም ዝግጅቱ ካለፈ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ቅጂው ለምን እንደተሸጠ ያስረዳል፤ አልበሙ ለምን እንደተደገመ ግን አያስረዳም።

ደጋፊ፦ ስለ ካምቤል ያነሡት ነጥብ ከባድ ነው፤ አልከራከርዎትም፤ የእርስዋን ድምፅ የሚተካ የለም። ሆኖም ሁሉንም ድግግሞሽ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። በዚያው ዓመት፣ ባንዶች የቀድሞ አልበማቸውን እንዳለ በሚጫወቱበት በዚያው «ዶንት ሉክ ባክ» በተሰኘ ተከታታይ ዝግጅት፣ የአሜሪካው ሮክ ባንድ ዘ ስቱጅስ የ1970 አልበማቸውን «ፈን ሀውስ»ን ለንደን ውስጥ ተጫውተዋል። ያ አልበም በስቱዲዮ ሳለ ሙሉ ነበር፤ መድረኩ የሚጨምርለት ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ዝግጅቱን የናፍቆት ምሽት ብንለው አልቃወምም። የቤል ኤንድ ሰባስቲያን ጉዳይ ይለያል፤ የዘፈኖቹ ድርሰት ያለቀ፣ ቀረጻው ያላለቀ ሥራ ነበርና። ወደ ኋላ ያስቀራል የሚለውም በእነርሱ ላይ አልደረሰም፤ ከአምስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2006፣ ሎስ አንጀለስ የቀረጹትን «ዘ ላይፍ ፐርሱት» አወጡ፤ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥም 8ኛ ደረጃ ደረሰ። ድምፁም ከ1996ቱ ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም፤ ደማቅ፣ የሚያስጨፍር ሙዚቃ ነው።

ተቃዋሚ፦ የመክፈቻውን ዘፈን በተመለከተ ዛሬ ማታ ሁለቱን ቅጂዎች አከታትዬ ሰማሁ፤ የባርቢካኑ እንደሚሻል አምናለሁ። «ፎክስ ኢን ዘ ስኖው» በተባለው የአልበሙ ዘፈን ላይ ግን አልስማማም። እዚያ ፒያኖውና የመርዶክ ድምፅ ብቻቸውን ቀርተው ሲሰሙ፣ በ1996ቱ ቅጂ የክፍሉ ቅዝቃዜ ራሱ ይሰማኛል፤ ያንን ቅዝቃዜ ሞቅ ያለ አዳራሽና ጭብጨባ ሊሰጡኝ አይችሉም፤ ለእርሱ ስል አሮጌውን ቅጂ አልጥልም።