የዲሽ ኬብል ከምጣድ መስመር ጋር በአንድ ፓይፕ ቢያልፍ ችግር አለው?

የጀሞዋ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ዲሹ ኪችን በረንዳ ላይ ነው ቲቪው ደሞ ሳሎን። እስካሁን ኬብሉ በበረንዳው በር ስር ነበር የሚገባው በሩም በተዘጋ ቁጥር እየጨፈለቀው አንድ ቦታ ላይ ጠፍጥፎታል። አሁን ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ስለሆነ ግድግዳ ውስጥ ይቀበርልኝ ብዬ ነበር፣ ቀቢው ደሞ ከምጣዱ ሶኬት ተነስቶ ሳሎን ወዳለው ብሬከር የሚሄድ ፓይፕ አለ ውስጡ ቦታ ስላለው በሱ ጎትተን እናሳልፈው ግድግዳም አይፈርስም አለኝ። ፍሪጁም እዛው ጋ ነው። ሌላው ደሞ እናቴ እንጀራ መጋገር ስትጀምር አንዳንድ ቻናል ሲግናል የለም ይላል፣ ይሄ ነገር ይያያዛል እንዴ?

መስመር ዘርጊ፦
እህቴ በፍጹም እንዳታደርጊው። ቤት ውስጥ ብዙ ከረንት የሚስበው ምጣድ ነው፣ 3500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ነው፣ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ደሞ በጋገራችሁ ቁጥር ይግላል። የሽቦው ፕላስቲክ አንድ ቀን ለስልሶ የዲሹን ኬብል ቢነካው የኬብሉ መረብ፣ ማለትም ከላይኛው ፕላስቲክ ስር ያለው የሽቦ ጥልፍ፣ ከዲሹ ብረትም ከሪሲቨሩም ጋር የተገናኘ ነው፣ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጪ ዲሹን ብትነኪው ይይዝሻል። የምለው ለምስሉ ጥራት ብቻ አይደለም። ለብቻው ፓይፕ ይግባለት፣ ከመብራት መስመር ጎን ለጎን ከሄደ 30 ሳንቲም ያህል ይራቅ፣ መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ በመስቀለኛ ይሻገር። ብሎኬቱን ብቻ ነው መቦርቦር፣ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) አይነካም፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ደሞ መሮ እንዳይነሳ አደራ።

ዲሽ ሰሪው፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ጨርሶታል። ስለ ሲግናሉ፣ ሪሲቨሩ በዛው ኬብል ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል መቀበያ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፣ ኬብሉ ሲጎዳ 18 የሚፈልጉት ቻናሎች ቀድመው ይጠፋሉ፣ አንዳንዱ ብቻ የሚጠፋብሽ ለዛ ሊሆን ይችላል። ምጣድ ሲበራ የሚብሰው ግን ሶኬቱ ውስጥ የላላ ሽቦ እየፈነጠቀ እንዳይሆን እፈራለሁ፣ መረቡ የተበላሸ ኬብል እንዲህ ያለውን ረብሻ ያስገባል። ሪሲቨሩ ላይ የሲግናል ጥራቱን ከፍተሽ ምጣዱ ሲበራና ሲጠፋ ቁጥሩን አይተሽ አወዳድሪ። አዲስ ኬብል ስትገዢ አርጂ 6 የሚባለውን ዓይነት በይ፣ የመሀሉን ሽቦ በማግኔት ሞክሪው፣ ከያዘው ብረት በመዳብ የተለበጠ ነው፣ ሙሉ መዳቡ ይሻልሻል። ግድግዳ ውስጥ መቀጠያ እንዳይኖረው፣ ማዕዘን ላይ ደሞ እንዳይታጠፍ፣ በሻይ ሳህን ዙሪያ እንደምትጠመዝዢው ያህል ሰፋ ብሎ ይዙር።

እናት፦
እኛ ቤት ምንም ሳናፈርስ ከዞኮሎው በላይ በነጭ ፕላስቲክ ቻናል (የሽቦ መሸፈኛ) አስዙረነው አብሮ ተቀባ፣ አሁን ማንም አያየውም።

የጀሞዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ብሬከሩን አውርደን ሶኬቱን ወንድሜ ፈታው፣ አንዱ ብሎን ላልቶ ዙሪያው ጠቁሯል፣ የሽቦው ፕላስቲክ በጥፍር ሲነካ እየተፈረፈረ ይወርዳል። እናቴ ቅዳሜ ልትጋግር ሊጥ አብኩታ ነበር፣ ጎረቤት ቤት ትጋግራለች። ነገ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ የምጣዱን መስመር ይቀይራል፣ የዲሹ ኬብል በዞኮሎው በኩል ይዞራል።