ጥሬ ሥጋ ይታጠባል ወይስ አይታጠብም?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዶሮ በሎሚና በጨው፣ ውሃው እስኪጠራ ማጠብ የለመድነው ነው። አሁን «አይታጠብ» ይባላል። ለዶሮ ወጥም ነው? የበሬ ሥጋስ?

ጦሳ፦
አብሽሪ እህቴ። «አይታጠብ» የሚባለው ጸድቶ በላስቲክ ታሽጎ ለሚሸጠው ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት የዶሮ ጀርሞች በውሃ አይሞቱም፤ ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ፍንጣቂው ሰላጣውና ቢላው ላይ ያርፋል። ቤት የታረደ ግን ላባና ደም አለበት፣ መታጠቡ ግድ ነው። ሳፋውን አስቀድመሽ በውሃ ሙይ፣ ብልቱን ቀስ ብለሽ ንከሪ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ እሺው፣ ውሃውንም ሳታንቦጫርቂ ድፊ። ሐሞት የነካውን ቆርጠሽ ጣይ፤ ምሬቱ በሎሚ አይለቅም። ሲያልቅ ሳፋውንና መክተፊያውን በሳሙና፣ ከዚያ 4 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምረሽ እጠቢ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
የጥብስ ሥጋ ባይታጠብ ይሻላል። ውሃ ከያዘ ምጣዱ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የአጥንት ፍርፋሪ ካለው በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው። ጨጓራ ሌላ ነገር ነው፣ እሱማ ታጥቦም አያልቅ!

ሰኞ ገበያ፦
ሎሚው ጀርሙን ይገድል የለ?

ጦሳ፦
ጠረን ነው የሚያጠፋው። የሚገድለው እሳት ነው፤ የዶሮው መሃል 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይበቃል፣ ግን ከኮምቦልቻ ዘግይቶ ይበስላል፤ ታፋውን አጥንቱ ድረስ ወግተሽ እዪው።

ቦርከና፦
ቁርጥ ወዳዶችም ስሙ፦ የኮሶ ትል በማጠብ አይወጣም፣ ሥጋው ውስጥ ነው ያለው።