የአሜሪካ ጋዝ ኩባንያዎች የጀመሩት የከርሰ ምድር ሙቀት መስመር አዳማ ላይ ይሠራል?

ቧንቧው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም ላይ ኤቨርሶርስ የተባለ የጋዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 በጋዝ ፋንታ ፈሳሽ የሚዞርበት መስመር ዘርግቶ 36 ሕንፃዎችን አገናኝቷል። ኒውዮርክም በ2022 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ የጋዝ ኩባንያዎቿ ተመሳሳይ ሙከራ እንዲያቀርቡ አስገድዳለች። አዳማ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሆቴሎች እንዲህ ተያይዘው ኤሲና ሙቅ ውኃ ማግኘት ይችላሉ? ሶደሬ ቅርባችን ስለሆነ ጉድጓዱ አጠር አይልም?

የጉድጓድ ሰው፦
ሶደሬን እርሳው። ይሄ መስመር ፍል መሬት አይፈልግም። ፍራሚንግሃም ላይ ወደ 90 ጉድጓድ የተቆፈረው እንፋሎት ፍለጋ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ እምብዛም የማይለዋወጥ ሙቀት ለማግኘት ነው። ቀሪውን በየሕንፃው ያለው ሂት ፓምፕ (ሙቀትን በኤሌክትሪክ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያሻግር ማሽን) ይጨርሰዋል። ለኤሲማ ሞቃት መሬት ጠላት ነው፤ ሙቀቱን የት ትጥለዋለህ? ቱቦውም አይወደውም፦ በ20 ዲግሪ 16 ባር ግፊት የሚችል ፒኢ 100 ኤስዲአር 11 የተባለ የፕላስቲክ ቱቦ በ40 ዲግሪ ወደ 12 ባር ይወርዳል።

እኛ ጋ የሚያስቸግረው ቁፋሮው ነው። ፑሚስ (ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና የእሳተ ገሞራ አመድ ጉድጓዱን ስለሚንዱት ጊዜያዊ ኬዚንግ፣ ማለትም ግድግዳውን የሚደግፍ ቧንቧ፣ ያስፈልጋል። ቱቦው ከገባ በኋላ ግራውቱ (በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት የሚደፍነው ውህድ) ከታች ወደ ላይ ይሞላል፣ ከላይ ማፍሰስ ክፍተት ይተዋል። 150 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ባለ 40 ሚሊ ሜትር ቱቦ ካለ ለ100 ሜትር 1,500 ሊትር ግራውት ገደማ ይበቃል። 2,500 ሊትር ገብቶ አፉ ላይ ካልታየ ስንጥቅ እየጠጣው ነው፤ ቁም፣ ያንን ክፍል በአሸዋ ድፈን፣ ከዚያ ቀጥል። ዝም ብለህ ብታልፈው የላይና የታች ውኃ ይቀላቀላል፣ በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ እንደሚበዛበት ታውቃለህ። አንድ ቅናሽ አለ፦ እዚህ ውርጭ ስለሌለ ፀረ በረዶ ፈሳሽ አትገዛም።

ቀዝቃዛው፦
ቁፋሮው ተሳካ እንበል፤ ቀጥሎ የሚጥለን ሚዛኑ ነው። ፍራሚንግሃሞች በብርድ ወራት ከመሬት የወሰዱትን ሙቀት በሞቃቱ ወራት ይመልሳሉ። አዳማ ግን ብርድ የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ወደ መሬት ብቻ ይገባል፤ 10 ኪሎዋት ቅዝቃዜ የሚሰጥ ኤሲ 2.5 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ቢበላ መሬቱ 12.5 ይቀበላል። መሬቱ እየሞቀ ሲሄድ የኮምፕሬሰሩ ፍጆታ ከዓመት ዓመት ይጨምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀቱን ለሻወርና ለላውንደሪ ተጠቀሙበት። 1,000 ሊትር ውኃ ከ22 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 38 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሩቡን ሂት ፓምፑ ከኤሌክትሪክ ከወሰደ፣ የቀረው 29 ያ ኤሲ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚጥለው ነው። የተረፈውን ሌሊት ጣሪያ ላይ በደረቅ ማቀዝቀዣ (ውኃ ሳይረጭ በፋን ብቻ በሚያቀዘቅዝ) ወደ አየር ጣሉት፤ ጉድጓዱ የመጨረሻ መጣያ ይሁን። የጉድጓዶቹ ቁጥር ከመወሰኑ በፊት በአንድ መሞከሪያ ጉድጓድ ላይ ለ48 ሰዓት የሙቀት ምላሽ ፈተና (መሬቱ ሙቀት ምን ያህል እንደሚቀበል የሚለካ) አሠሩ።

ቧንቧው፦
አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። እዚህ ማን ይዘርጋው ታዲያ? የእኛ ጋዝ በሲሊንደር ነው የሚመጣው።

የጉድጓድ ሰው፦
ጋዝ ኩባንያዎቹ የተመረጡት ከመንገድ ስር ቱቦ የመቅበር ፈቃድ፣ ፕላስቲክ የሚበይድ ሠራተኛና የተዘረጋ የክፍያ ሥርዓት ስላላቸው ነው። ሕጉም ያስፈለገው ጋዝ ብቻ ለመሸጥ የተቋቋመ ድርጅት ሙቀትም መሸጥ እንዲችል ነው። ለእናንተ አጥር የሚጋሩ ሁለት ሆቴሎች ይበቃሉ፤ አስፋልት አትቆርጡም። ቱቦውን ከመቅበራችሁ በፊት በግፊት ፈትሹት፣ አየሩንም ቢያንስ በሰከንድ 0.6 ሜትር ፍጥነት በሚሄድ ውኃ አጥባችሁ አውጡ። አየር የቀረበት ቱቦ ፓምፑ እያንጎራጎረ ሙቀት አያሳልፍም፣ ሰውም ሂት ፓምፑን ይወቅሳል።