ፕሬዝዳንት ስንመርጥ ሰውየውን ነው ወይስ ወንበሩን?

ባለ ኮሎምቢያ ፓይክ፦
እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ ላምጣው። አሜሪካ ውስጥ ምርጫ በመጣ ቁጥር የምናወራው ስለ ሰው ነው፤ ኦባማ እንዲህ ነው፣ ትራምፕ እንዲያ ነው። ስለሚቀመጡበት ወንበር ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ የምለው፣ ስለላንና የዜጎችን መብት በተመለከተ ማንም ቢመረጥ ያው ነው፤ ወንበሩ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል።

ማስረጃ ካላችሁኝ ይኸው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። የቡሽ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ስልክ ሲጠልፍ የተባበሩ የስልክ ኩባንያዎች ነበሩ። እነሱን ከክስ ነጻ የሚያደርግ ሕግ ከመጣ ኦባማ ሽንጡን ገትሮ እንደሚቃወም በ2007 የምርጫ ዘመቻው ተናግሮ ነበር። በሐምሌ 2008 ዕጩ ሆኖ ሳለ ሕጉ ሴኔት ሲቀርብ ግን ደግፎ ድምፁን ሰጠ። 69 ለ28 አለፈ። ከ28ቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ማን ነበር? ጆ ባይደን። ባይደን ግን ፕሬዝዳንት ሆኖ በሚያዝያ 2024 የዚያኑ ሕግ የስለላ ክፍል፣ ክፍል 702 የሚባለውን፣ አራዝሞ ፈረመ። ትራምፕም በዚያው ወር፣ ፊሳ ስለሚባለው የውጭ ስለላ ሕግ፣ «ፊሳን ግደሉት» ብሎ ጻፈ፤ በጥር 2018 ክፍል 702ን ያራዘመው ግን የገዛ ፊርማው ነው።

እስቲ ለየትኛው ብዬ ልሰለፍ?

ሾፌሩ፦
እኔ ለቤት ኪራይና ለመኪና ኢንሹራንስ ነው የምሰለፈው። ስልኬንም ቢሰሙ ከእናቴ ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ስንጨቃጨቅ ነው የሚሰሙት። የሚታዘንለት ሰሚው ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ወንድሜ፣ እየቀለድክ ነው ግን ጉዳዩ እዚያው የበርበሬው ወሬ ላይ ነው። ክፍል 702 የሚባለው አንቀጽ ሲሠራ እንዲህ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለን፣ አሜሪካዊ ያልሆነን ሰው ለመከታተል መንግሥት ለየሰዉ ማዘዣ ማውጣት አይጠበቅበትም። ስለላውን የሚያየው ሚስጥራዊው የፊሳ ፍርድ ቤት በዓመት አንዴ አጠቃላይ አሠራሩን ያጸድቃል፤ እገሌን ለምን ትከታተላላችሁ ብሎ ግን አይጠይቅም። በ2023 እንዲህ ሲከታተሏቸው የነበሩ ሰዎች ከሩብ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከእነሱ አንዱ ጋር ከተደዋወልክ ወይም ኢሜይል ከተላላክህ የአንተም ቃል አብሮ ይጠለፋል። እስከዚህ ድረስ ይሁን እንበል። ከዚያ በኋላ ግን ኤፍቢአይ የአንተን ስም ወይም ኢሜይል አስገብቶ ያንን ክምችት ያለ ማዘዣ መበርበር ይችላል። ዜጋም ብትሆን፣ ግሪን ካርድም ብትይዝ።

አሁን ንገረኝ፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ባሕር ማዶ የሆነ ሰውና አይዋ ክፍለ ግዛት ተወልዶ እዚያው ያረጀ ገበሬ እኩል ይነካቸዋል?

ጋሽ አንጋፋው፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። እኔ በእኛ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ፣ የአሰሳው ሰሞን ካዛንቺስ ነበርኩ። ቤታችን የገቡት ሰዎች ወረቀት አልያዙም፣ ጠመንጃ ነበር የያዙት። ፍራሹን በሳንጃ ቀደው ጥጡን አራገፉት። የጤፉን ጆንያ መሬት ላይ ዘረገፉት፤ እናቴ እስከ እኩለ ሌሊት ስትነፋ አመሸች። ታላቅ ወንድሜን ይዘውት ሄዱ፣ በዚያው ቀረ። እኔ ስለላ ሲባል የሚመጣብኝ ያ ነው።

እዚህ ዳኛ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ የሚጠይቅ ሴኔት አለ። መስከረም 11ን ያየ መንግሥት ጆሮውን ይድፈን ነው የምትሉት? የአልቃይዳው መሪ ዛዋሂሪ በ2022 ካቡል ላይ የተገኘው በጸሎት አይደለም፤ ይኸው 702 እንዳገዘ መንግሥት ተናግሯል። የሾፌሩን እናትም ማንም ሊከታተላት አይነሳም፤ ስሟን እዚህ ማስገባት ማስፈራሪያ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ የወንድምዎን ነፍስ ይማር። ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም፤ የሚል ካለም ያፍራል። ግን እዚህ ዳኛ አለ ብለዋልና ዳኛው ያለውን ልንገርዎ። የፊሳ ፍርድ ቤት በ2023 ይፋ የሆነ ውሳኔ ላይ፣ ኤፍቢአይ ክምችቱን ከ278 ሺህ ጊዜ በላይ ያለ አግባብ እንደበረበረ ተጽፏል። የማንን ስም እያስገባ? ጆርጅ ፍሎይድ ሲሞት ሰልፍ ወጥተው የታሰሩ ሰዎችን። ጥር 6፣ 2021 ካፒቶል፣ የኮንግረሱ ሕንፃ፣ ገብተዋል የተባሉትን። እንዲሁም ለአንድ የኮንግረስ ዕጩ ገንዘብ ያዋጡ 19 ሺህ ሰዎችን። ቀኙም ግራውም አልቀረለትም። የመጨረሻው ደግሞ ቀጥታ ምርጫ ውስጥ መግባት ነው፤ ሃምሳ ዶላር ስላዋጣህ ስምህ በኤፍቢአይ ኮምፒውተር ይፈለጋል።

እከሳለሁ ብትልስ? አምነስቲ ኢንተርናሽናል፣ ጠበቆችና ጋዜጠኞች ሆነው ሞክረው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 5 ለ4 መለሳቸው፤ እንደተጠለፋችሁ ማሳየት አልቻላችሁም ተባሉ። ማን እንደተጠለፈ ደግሞ ሚስጥር ነው። ዞረህ ዞረህ እዚያው።

ሾፌሩ፦
19 ሺህ? ላዋጡት?

ከዳላስ፦
እኔ ሪፐብሊካን ነኝ፤ ድንጋዩን ቀስ አድርጋችሁ ወርውሩ። ባለ ኮሎምቢያ ፓይክ ትክክል ነው፣ እንዲያውም አንድ ልጨምርለት። የእኛው ፓርቲ ማይክ ጆንሰን የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ አባል ሳለ በኤፍቢአይ አሠራር ከሚማረሩት አንዱ ነበር። አፈ ጉባኤ ሲሆን ወደ ሚስጥር ክፍል ወስደው ገለጻ ሰጡት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን በሌላ ዓይን አየሁት ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሚያዝያ 12፣ 2024 «ማዘዣ ይምጣ» የሚለው ማሻሻያ ምክር ቤት ሲቀርብ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። የዴሞክራቶቹ የቀድሞ አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲም ከእሱ ጋር። በዚያኛው ወገን ደግሞ ወግ አጥባቂው ሪፐብሊካን ጂም ጆርዳንና የግራ ክንፏ ዴሞክራት ፕራሚላ ጃያፓል አብረው ቆሙ! እነዚህ ሁለቱ በሌላ በምን እንደሚስማሙ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ውጤቱ 212 ለ212። እኩል ከሆነ ወደቀ ማለት ነው።

ነርሷ ከሚኒያፖሊስ፦
ወንዶቹ ሁሉም ያው ነው ስትሉ ደስ ይላችኋል፤ ብልህ ያስመስላል። እኔ አልቀበልም። ጥር 27፣ 2017 ትራምፕ የሰባት አገር ሰው አይግባ ብሎ ሲፈርም ሶማሊያና ሱዳን ውስጡ ነበሩ። አብራኝ የምትሠራ ሶማሌ አለች። ባሏ ናይሮቢ ነው፤ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተመቷል፣ ቲኬት ተቆርጧል። ሰኞ ዕለት የእረፍት ክፍላችን ውስጥ ስልኳን ግድግዳው ላይ ሰክታ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ገመዱ አጭር ስለነበር ወንበር ላይ ሆና መስማት አልቻለችም። የአየር መንገዱን ሙዚቃ ነው የምትሰማው። «ሂላሪ ብትመረጥም ያው ነበር» ልበላት?

ባይደን በገባበት ቀን፣ ጥር 20፣ 2021፣ ያንን ክልከላ ሰረዘው። በሰኔ 2025 ደግሞ ትራምፕ 12 አገር አድርጎ መለሰው፤ ኤርትራ አለችበት፣ ሶማሊያ አለችበት፣ ሱዳን አለችበት። ሰውየው ለውጥ ያመጣል፤ የእኛ ሰፈር ሰው ይህን ሊነገረው አይገባም።

ባለ ኮሎምቢያ ፓይክ፦
እህቴ፣ ያልሽው በሙሉ እውነት ነው፤ ግን እኮ ለእኔ ነው የመሰከርሽልኝ። በብዕር መጣ፣ በብዕር ሄደ፣ በብዕር ተመለሰ። ብዕሩን ማን ሰጠው? በ1952 ኮንግረስ ያወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ፕሬዝዳንቱ ለአገር ይጎዳሉ ያላቸውን እንዳይገቡ ማገድ ይችላል ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 5 ለ4 ይህንኑ ሕግ ጠቅሶ ክልከላውን አጸደቀው። የእኛን ቲፒኤስ፣ ጊዜያዊ የመቆያ ከለላውን፣ ተመልከቺ። በ2022 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን ሲሰጥ ኮንግረስ ድምፅ አልሰጠበትም፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ነው የፈረመው። በ2024 ተራዘመ። በ2025 መጨረሻ ሌላ ሚኒስትር መጣችና ይብቃ አለች። ሲሰጡን እልል ብለን ሲነጥቁን ብቻ «አምባገነን» ማለት አያስኬድም።

ነርሷ ከሚኒያፖሊስ፦
ብዕሩ ይሰበር ነው እንግዲህ? በዚያ ሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ይዞ የሠራ፣ ለእናቱ መድኃኒት የላከ ሰው አለ። ኮንግረስን ጠብቅ ብትለው እስካሁን ይጠብቅ ነበር። ወረቀት ለሌለው ሰው በሰፊው በር የከፈተው የመጨረሻ ሕግ በ1986 ሬገን የፈረመው ነው። ያኔ እኔ አልተወለድኩም! የማይንቀሳቀስ ምክር ቤት ባለበት አገር የፕሬዝዳንቱን እጅ እሰሩ ማለት ለአንተ ለዜጋው ይቀልሃል።

ሾፌሩ፦
ይቺ ልጅ ተናገረችልኝ። ትልቋ ልጄ ከተማሪ ብድሯ 20 ሺህ ዶላር ሊሰረዝላት ነበር። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ብሎ ባይደንን ከለከለው፣ ኮንግረስ ሳይፈቅድ አይሆንም ተባለ። ያን ቀን እዚህ ግሩፕ ውስጥ «የፕሬዝዳንት ሥልጣን ተገደበ፣ ደስ ይበለን» ያለ አንድም ሰው አላየሁም። ባለ ኮሎምቢያ ፓይክ፣ አንተም ዝም ነበርክ።

ከዳላስ፦
እኔ ብዬ ነበር፤ አስወጣችሁኝ እንጂ።

ጋሽ አንጋፋው፦
ሁለቱን ለያይታችሁ ተነጋገሩ እንጂ፣ እየተደበላለቀ ነው። ወደ አገር ማን ይግባ የሚለው አንድ ነገር ነው። እዚሁ የሚኖርን ሰው ደብዳቤ መክፈት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ላይ የትኛውም መንግሥት ሰፋ ያለ ሥልጣን ይኑረው ብል አላፍርም፤ እንዴት እንደሚጠቀምበት ግን ሰው አይቼ እመርጣለሁ፣ የነርሷ ነገር ትክክል ነው። ሁለተኛው ላይ ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ነገር ከንክኖኛል። ዛዋሂሪን ለመፈለግ የአዋጪ ስም ምን ያደርጋል? ለዚያ ማዘዣ ቢጠየቅ ማን ይጎዳል?

የሕግ ተማሪዋ፦
ማሻሻያው እኮ ያንኑ ነበር የሚጠይቀው፣ ጋሼ። ካቡል ያለውን ሰው ተከታተሉ፤ አስቸኳይ አደጋ ካለም ማዘዣ አትጠብቁ። የአሜሪካዊን ስም አስገብታችሁ ስትፈልጉ ግን ዳኛ ፊት ቅረቡ። ተቃዋሚዎቹ ዳኛ እስኪፈርም ጊዜ ይባክናል፣ ሴራውም ያመልጣል አሉ። ተራ መከራከሪያ አይደለም፤ የተጠለፈው ቀድሞ በሕግ እጃችን የገባ ነው፣ እንደገና ለምን እንፈቀድ ይላሉ። ለእኔ ግን 278 ሺሁን ካየሁ በኋላ አይዋጥልኝም።

ለባለ ኮሎምቢያ ፓይክም አንድ ነገር። ኦባማ፣ ባይደን፣ ትራምፕ ብለህ ሁሉም ወንበር ላይ ሲወጡ ተለወጡ አልክ፤ አልከራከርህም። ግን 212ቱን ማን ሰበሰባቸው? ወንበሩ ያልለወጣቸው ሰዎች ናቸው፣ ከሁለቱም ፓርቲ። አንድ ሰው ቢጨመር ምክር ቤቱን ያልፍ ነበር። በየአራት ዓመቱ ለዋይት ሐውስ እንደዚያ ስንባላ፣ በየሁለት ዓመቱ ስለሚመረጠው ተወካያችን ግን ስሙን የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? ባለፈው የምርጫ ሰሞን አንዱ ዕጩ ሬስቶራንት መጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አመሰግናለሁ» ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ስለ 702 የጠየቀው አልነበረም። ስለ ምንም የጠየቀው አልነበረም፤ ለፎቶ ነበር የተሰለፍነው።

ባለ ኮሎምቢያ ፓይክ፦
ነጥቡን እቀበላለሁ፤ ግን አንድ የምክር ቤት ሰው እሺ ቢልም ሴኔት አለ፣ ፊርማም አለ። ፊርማው ያለው ደግሞ ወንበሩ ላይ ነው።

ከዳላስ፦
በዚያ ላይ በ2024 ያራዘሙት ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ማለት በየጊዜው እየተመለሰ ይመጣል፤ አንዴ የተሸነፈ ሁሌ አይሸነፍም።

ሾፌሩ፦
እኔ አሁንም ለኪራይ ነው የምመርጠው፣ አትልፉ። ግን የእኔ ተወካይ ያን ቀን ምን እንዳለ የት ነው የሚታየው?

የሕግ ተማሪዋ፦
የተወካዮች ምክር ቤቱ ጸሐፊ ድረ ገጽ ላይ። ቀኑን ሚያዝያ 12፣ 2024 አድርገህ የአሪዞናው አንዲ ቢግስ ያቀረበውን ማሻሻያ ፈልግ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ፊት ለፊት አለ፤ ካላገኘኸው ዚፕ ኮድህን ላክልኝና እኔ አየዋለሁ።