ለተመረቀች የአርጎባ ልጅ ኒካህ (እስላማዊ የጋብቻ ውል) ይቅደም ወይስ ሥራ?

ከሾንኬ፦ ኒካሁ ይቅደም ባይ ነኝ። ቁጥራችን ትንሽ ነው። አርጎብኛ ዛሬ በደንብ የሚነገረው እንደ ሾንኬና ጦልሃ ባሉ ጥቂት መንደሮች ነው። ልጅቱ ለሥራ ሩቅ ተመድባ እዚያው ካገባች ልጆቿ ቋንቋውን ከማን ይሰሙታል?

ከከሚሴ፦ ሸኽዬ፣ ስጋትዎ እውነት ነው። ግን ወንዱም ምሩቅ ከሌላ ወገን ሲያገባ ማንም አልጠየቀውም፤ ሸክሙ ለምን በእሷ ጫንቃ ብቻ? ደግሞ ትዳሩን የሚያናጋው ሥራዋ ሳይሆን በኒካሁ ቀን የታለፈው ነገር ነው። መህሩ (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ) እስከ ወርቁ ግራም ይጻፋል፤ ትሠራለች ወይ፣ የት ይኖራሉ፣ ደመወዙስ የማን ነው የሚለው ግን አይነሳም። በሸሪዓ የሚስት ገቢ የራሷ ነው። በቤተሰብ ሕግ ደግሞ ሌላ ውል ከሌለ በትዳር ውስጥ የተገኘ ደመወዝ የጋራ ነው። እሷ አንዱን፣ እሱ ሌላውን ይዘው ይገቡና በመጀመሪያው ደመወዝ ይጣላሉ። ውሉ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ይጻፍ፤ ከየወገኑ 2፣ በጠቅላላው 4 ምስክር ይፈርምበት።

ከኮምቦልቻ፦ የኒካህ ወረቀት ብቻውን ባሏ ወዳለበት ለሥራ ዝውውር አያበቃም። ጋብቻው በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ክፍል ይመዝገብ። ምስክር ወረቀቱ ቢኖርም ባሏ ባለበት ወረዳ ክፍት መደብ ካልተገኘ መጠበቅ አለ፤ ሽማግሌ ሲላክ ይህ ይነገር።

አዋላጅ ነርስ፣ ከሚሴ፦ ከሁሉም የሚከብደው ከወሊድ በኋላ ያለው ነው። የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው። ሕፃኑ ግን 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይፈልጋል። በመሀል 3 ወር አለ፤ ብዙዎች በዚህ ጊዜ ወደ ጡጦ ይሄዳሉ፣ ሕፃኑም በተቅማጥ ይጎዳል። ስለዚህ የእናትየው ወተት በተቀቀለና ክዳን ባለው ዕቃ ይታለብ፣ በስኒ ይሰጠው። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ከታለበ በኋላ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ይቆያል። የእኛ ቆላ ከዚያ ይሞቃልና ማቀዝቀዣ ከሌለ ቶሎ ይጠጣው። አማቷ ይህን ካልተማሩ ጠዋት የታለበው እስከ ማታ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ከሾንኬ፦ ውሉን ተቀብያለሁ። በቅደም ተከተሉ ግን ከቃሌ አልወጣም።

ከከሚሴ፦ እንግዲያው ውሉ ላይ «ምደባዋ በወጣ ቀን ትሄዳለች» የሚል ይግባበት፤ እርስዎም ከምስክሮቹ አንዱ ይሁኑ።