የዘር ድንች ተዘዋዋሪ ገንዘባችን በመዝገብ ላይ ሙሉ ነው፤ የሚገዛው ዘር ግን እያነሰ ነው

ገንዘብ ያዥ፣ ሱሉልታ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ የግብርና በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጉደኔና በለጠ የተባሉትን የድንች ዝርያዎች ለገበሬዎች በዱቤ እናከፋፍላለን፤ ምርቱን ሸጠው በብር ይመልሳሉ፤ በተመለሰው ብር ደግሞ ተራ ለሚጠብቁት ዘር እንገዛለን። ሰሞኑን የሒሳብ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥሁት። ዕዳ ያስቀረ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከግዥ ደረሰኞች ላይ የኩንታሉን ቁጥር ብቻ ነጥዬ ስጽፈው በየዓመቱ ቁልቁል ይወርዳል። ያው ገንዘብ ዛሬ የመጀመሪያውን ዘር ግማሽ እንኳን አይገዛም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚላክልን ድጋፍ በብር ሲመነዘር በመብዛቱ ቦርዱ ተደስቷል፤ ቀዳዳውን ግን ሸፈነው እንጂ አልደፈነውም። ገበሬዎቹ ቃላቸውን አክብረው ከፍለው ሳለ፣ ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶቻቸው ዘር ሲያጡ ማየት ያንገበግበኛል። ይህን በሪፖርት እንዴት ላሳይ? በብር ፋንታ በዓይነት፣ ማለትም ዘሩን በዘር፣ ማስመለስስ ይሻላል? የዘር መጋዘኑ ጥበቃ ደመወዝ ከአስተዳደር ወጪ ይቆጠራል?

የሒሳብ ባለሙያ፣ ሰበታ፦
ኦዲተሩ የሚያየው ሒሳብ በብር ይቆይ። ለቦርዱ በሚቀርበው ላይ ግን ከብሩ ጎን የኩንታል ዓምድ ጨምሩ፤ ከምሥረታው እስከ ዛሬ በአንድ ገጽ ይታይ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የባንክ አገልግሎት ክፍያ እዚያ ይገባሉ። ዘሩን ብቻ የሚጠብቅ ሠራተኛ ግን ለፕሮጀክቱ ሥራ የተቀጠረ ስለሆነ በፕሮጀክት ወጪ ያዙት፤ የቅጥር ውሉም ይህንኑ በግልጽ ይናገር።

ድንች አምራች፣ ሆለታ፦
እህቴ፣ በዓይነት አስመልሺ። በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ድንች ስለሚረክስ ገበሬው ብር ለማግኘት ብዙ ኩንታል ይሸጣል፤ ዘሩን መመለስ ይቀለዋል። በመጋዘን የሚደርቀውንና የሚበሰብሰውን ለማካካስ ከወሰደው ትንሽ አስበልጦ ይመልስ። ችግሩ በሽታው ነው። ያጠወለገ ተክል ከታየበት ማሳ ዘር አትቀበሉ። ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ ማሳው ውስጥ ገብታችሁ ጤነኛውን ተክል በእንጨት ምልክት አድርጉበት፤ ከተቆፈረ በኋላ መለየት አይቻልም። የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን ምረጡና ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ሳስቶ ይዘርጋ። በየዓመቱም ከፊሉን ሸጣችሁ ንጹሕ ዘር ግዙ፤ አለበለዚያ ምርቱ እየወረደ ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፣ ሱሉልታ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኩንታሉን ዓምድ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። የእኛ መጋዘን መስኮት የሌለው ጨለማ ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያ ለመደርደሪያውና ለመስኮቱ በጀት እጠይቃለሁ። ወንድሜ፣ መደርደሪያውን የሠራችሁት በባሕር ዛፍ ነው ወይስ በቀርከሃ?